«በቅኝ አልተገዛንም» የሚል ክርስቲያን ከምን ነጻ ይወጣል?

ጥያቄውን የላከልኝ አንድ የአራት ኪሎ ልጅ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«መምህር፣ በዓድዋ በዓል ሰሞን ሰባኪያችን ‹እውነተኛ ነጻነት በክርስቶስ ያለው ብቻ ነው፤ የአገር ነጻነት ሥጋዊ ነገር ነው› አለ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ታቦት ወጥቶ የተገኘ ድል እንዴት ሥጋዊ ይባላል? የኢትዮጵያ ነጻነትና የክርስቶስ ነጻነት አንድ ነው› ይላል። አባቴ በየዓመቱ ምኒልክ አደባባይ ይወስደኝ ነበር። ዘንድሮ ‹ሥጋዊ ነው› ብዬ ቀረሁ፤ ተቀየመኝ። ማን ነው ልክ?»

ወንድሜ፣ ሰባኪው የተሳሳተ ይመስለኛል። ጓደኛህም እንደዚሁ። ስህተታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ለየብቻ እንየው። አዲስ ኪዳን ማስተማር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የካቲት በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ይነሣል፤ ተማሪዎቼም ሁለት ቦታ ይከፈላሉ።

ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ልጀምር። «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» የሚለው ቃል እዚያ ነው ያለው። ይህን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ የመጣውን መልስ ግን ብዙዎች ያልፉታል። ሰዎቹ ለጌታ እንዲህ አሉት፦ «የአብርሃም ዘር ነን ለአንድም ስንኳ ከቶ ባሪያዎች አልሆንም፤ አንተ፦ አርነት ትወጣላችሁ እንዴት ትላለህ?»

እስቲ ይህን በአራት ኪሎ ጆሮ ስማው። «እኛ እኮ በቅኝ አልተገዛንም!» ማለት ነው። የኛው ንግግር ነው።

መቼና የት እንደተናገሩት ደግሞ ልብ በል። ምዕራፍ 7 እንደሚነግረን ወቅቱ የዳስ በዓል ነው። በዓሉ የሚከበረው እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ በዳስ መቀመጣቸው እንዳይረሳ ነው፤ ዘሌዋውያን 23 ላይ ተጽፏል። ባርነታቸውን በሚያስታውስ በዓል ሰሞን «ከቶ ባሪያ አልሆንም» አሉ። ቦታው ደግሞ መቅደሱ ነው። ከመቅደሱ በሰሜን ምዕራብ ጥግ አንቶንያ የሚባል ምሽግ ነበር። የሮም ወታደሮች እዚያ ሰፍረው በበዓል ቀን ሕዝቡን ከላይ ሆነው ይጠብቁት ነበር። የሮም ጄኔራል ፖምፔ ኢየሩሳሌም የገባው በ63 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ሰዎቹ ይህን ሲናገሩ ሮም በላያቸው ከተጫነች ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗታል።

ታዲያ ዋሹ? አይመስለኝም። «ሮም ግብር ታስከፍለናለች፣ ልባችንን ግን አልያዘችም፤ ጌታችን እግዚአብሔር ብቻ ነው» ማለታቸው ይመስለኛል። ክቡር አነጋገር ነው። የኛም ሰው ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት ሲያወራ «ተወረርን እንጂ አልተገዛንም» ይላል።

ጌታ «ኧረ ሮም ገዝታችኋለች» ብሎ አልተከራከራቸውም። ይህ ነው ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ስለ ሮም አንድ ቃል አልወጣውም። «ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው» አላቸው። ክርክሩን ከዘር ቆጠራ አወጣው። አብርሃም አባትህ ሊሆን ይችላል። ቅድመ አያትህም ዓድዋ ዘምተው ሊሆን ይችላል። የአገር ነጻነት የሚተላለፈው እንዲህ ነው፤ አንዱ ትውልድ ይሞትለታል፣ ቀጣዩ ተወልዶ ያገኘዋል። አንተና እኔ ለዓድዋ ምንም አልከፈልንም፤ ግን የኛ ነው። ከኃጢአት አርነት መውጣት ግን እንዲህ አይወረስም። አያት ለልጅ ልጅ ሊያስተላልፈው አይችልም። እያንዳንዱ ሰው ከልጁ ከክርስቶስ እጅ ራሱ ይቀበለዋል። ጓደኛህ «አንድ ነው» ሲል የሚያልፈው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል። «ገዛ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ዳቦ ይገዛል፤ ሕዝብም ይገዛል። «በቅኝ አልተገዛንም» ስንል ማንም በላያችን ጌታ አልሆነም ማለታችን ነው። ጳውሎስ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች «በዋጋ ተገዝታችኋል፤ የሰው ባሪያዎች አትሁኑ» ይላቸዋል። በግሪክኛው የገበያ ቃል ነው፤ ዋጋ ከፍሎ መውሰድ። በአማርኛ ስናነበው ግን ሁለቱም ይሰማናል። ተከፍሎብናል፤ ጌታም አለን። ከዚያ ገላትያ 5 ላይ የመንፈስ ፍሬ ሲቆጠር የመጨረሻው «ራስን መግዛት» ነው። ለዜጋ ነጻነት ማለት በባዕድ አለመገዛት ነው። ክርስቲያን ግን ዋጋ ለከፈለለት ተገዝቶ፣ ራሱን ገዝቶ ነው ነጻ የሚባለው። ጌታ የሌለው ነጻነት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ሙሴም ፈርዖንን «ሕዝቤን ልቀቅ» ብቻ አላለውም፤ «ያገለግሉኝ ዘንድ» የሚል አብሮ አለ። በስብከታችን ይህ ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል፤ ያሳዝነኛል።

እዚህ ድረስ ሰባኪው በደስታ ይሰማኛል። ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን።

የሐዋርያት ሥራ 16ን አንብብ። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በበትር ተደብድበው ወኅኒ ገቡ። እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። በመንፈቀ ሌሊት ይጸልዩ፣ ይዘምሩም ነበር። ሰባኪው የሚለው ነጻነት ይሄ ነው፤ ግንዱ የያዘው እግርን ብቻ ነው። ሲነጋ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሹማምንቱ «እነዚያን ሰዎች ፍታቸው» ብለው ላኩ። ጳውሎስ እምቢ አለ። የሮም ዜጎች ሆነን ሳለ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ደበደቡን፣ አሁን ደግሞ በስውር ሊያስወጡን ነው? ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡም፤ ለመኗቸውም። ሌሊት የዘመረው ሰው ነው ጠዋት ዜግነቱን ቆጥሮ መብቱን የጠየቀው። መብቱን መጠየቁ ዝማሬውን አላረከሰበትም። ኢየሩሳሌም ላይ ሊገርፉት ሲያስሩትም እንዲሁ አደረገ። ዜግነት ለእርሱ ሥጋዊ ቆሻሻ አልነበረም፤ ሲያስፈልግ የሚጠቀምበት መልካም ነገር ነበር።

ለባሪያዎች የጻፈውንም እይ። 1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ ባሪያ ሆነህ ብትጠራ አይገድህም ይላል። ሰባኪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጳውሎስ ግን አላቆመም፤ «አርነት ልትወጣ ቢቻልህ ግን አርነትን ተቀበል» ብሎ ይጨምራል። ግሪክኛው በጣም አጭር ስለሆነ ያከራክራል። ዮሐንስ አፈወርቅን ጨምሮ አንዳንድ የጥንት መምህራን «በባርነትህ ተጠቀምበት» ብለው አንብበውታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን አርነትን ተቀበል የሚለውን መርጧል። ትክክል መርጧል ብዬ አምናለሁ፤ ትንሽ ወረድ ብሎ «የሰው ባሪያዎች አትሁኑ» ይላልና።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማወራው። ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ታሸገ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ነበር የምንሰበሰበው። ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ይከፈትና እኛ በሹክሹክታ እንዘምራለን። ጫማ ደጃፍ ላይ አይወልቅም፤ ብዙ ጫማ ከታየ ጥያቄ ይመጣል። ያን ጊዜ አገራችን ሉዓላዊት ነበረች። ባንዲራዋ በራሷ ሰማይ ላይ ነበር። ሆኖም በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሁለቱንም የገደላቸው ባዕድ ወራሪ አይደለም።

እነዚያን የሹክሹክታ መዝሙሮች ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞላል። እንደዚያ ሆኜ የዘመርኩበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ግን እናቴ ለታሰረው አጎቴ ስንቅ ቋጥራ ስትሄድ አንድ ሰው «ነጻነት መንፈሳዊ ነው፣ አይዞሽ» ቢላት ምን እንደምትመልስለት አውቃለሁ። ጸሎቷ «ይፈታልኝ» ነበር። ቀጥታ፣ ያለ ምንም ትርጓሜ። እግዚአብሔር ይህን ጸሎት ሥጋዊ ነው ብሎ የሚንቅ አምላክ ቢሆን ኖሮ የእስራኤልን ጩኸት ሰምቶ ወደ ግብፅ ባልወረደ ነበር።

ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1525 የጀርመን ገበሬዎች ክርስቶስ በደሙ ሁላችንንም ከዋጀን እንዴት የጌቶች ንብረት እንሆናለን ብለው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ማርቲን ሉተር ይህ ክርስቲያናዊውን ነጻነት ሥጋዊ ማድረግ ነው ብሎ ተቆጣቸው። ሁለቱ ነጻነቶች ይለያያሉ ማለቱ ልክ ነበር። ልዩነቱን የገበሬውን ጥያቄ ለመዝጋት መጠቀሙ ግን ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል። ሰባኪህ ሳያውቀው እዚያ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጓደኛህ። መጀመሪያ የሚያስደስተውን ልንገረው፤ እኔም የምወደው ነገር ነው። የዓድዋ ጠብ የተነሣው ከአንድ ግሥ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። በአማርኛው ንባብ ኢጣሊያ ከተፈለገች የምታግዝ ወዳጅ ናት። በጣሊያንኛው ኢትዮጵያ ጥገኛ አገር ናት። የሚጻፈው ደብዳቤ ያው ሊሆን ይችላል፤ መልእክተኛውም ያው። «ይቻላል» ወደ «ግድ ነው» ሲለወጥ ግን አገር ሄደ። ምኒልክ ውሉን ሻሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው የወደቀው ከዚህ በኋላ ነው።

የገላትያ መልእክትም ጠቡ እዚሁ ላይ ነው። ጉዳዩ ግዝረት ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ራሱ ገርዞታል፤ ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ አለ። ቲቶን ግን ይገረዝ ሲሉት ለአንድ ሰዓት እንኳ አልለቀቅንላቸውም ይላል፤ ገላትያ 2። ተማሪዎች «ጳውሎስ እዚህ ጋ ይዋዥቃል» ይሉኛል። አይዋዥቅም። ጢሞቴዎስ የተገረዘው በ«ይቻላል» ነው፤ በአይሁድ መሀል ለማገልገል እንዲመቸው። ቲቶ ላይ የመጣው ግን «ግድ ነው»፤ ካልተገረዝክ ሙሉ ክርስቲያን አይደለህም። ሥራው አንድ ነው፣ አንቀጹ ግን ተለውጧል። ጳውሎስም ያንን አንቀጽ አልቀበልም አለ። «በነጻነት ልንኖር ክርስቶስ ነጻነት አወጣን፤ እንግዲህ ጸንታችሁ ቁሙ እንደ ገናም በባርነት ቀንበር አትያዙ» የሚለው ከዚህ ጠብ የወጣ ነው።

ይህ የጥንት ነገር እንዳይመስልህ። ዛሬም በየአዳራሹ «ይህን ዘይት ካልወሰድክ በረከትህ ይያዛል» የሚል ሰው አለ። እኅቶቻችን የደመወዛቸውን ግማሽ ይዘው ይሰለፋሉ። ዓድዋን በየዓመቱ በኩራት የሚያከብር ሰው እሑድ እሑድ እንዲህ ያለ ውል ሲፈርም ሳይ ያመኛል።

እንግዲህ ዓድዋና ገላትያ ይመሳሰላሉ። አንድ ግን አይደሉም። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ደስ አይለኝም፤ ሆኖም መባል አለበት።

ከዓድዋ በድል በተመለሰችው ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ይሸጥ ነበር። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 31 ላይ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ነጻ መሆኑን ይመሰክራል፤ ጦርነትና ጉልበት ግን አንዱን ለሌላው ባሪያ እንዳደረገው ይናገርና ወደ ደንቡ ያልፋል። ያንን የመጀመሪያ ሐረግ ሊቃውንቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመት አንብበውታል። ገበያው ግን አልቆመም። በ1916 ዓ.ም. አንድ አዋጅ ወጣ። ባርነት ጨርሶ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ 46 ዓመት በኋላ፣ ከጣሊያን ወረራ ነጻ በወጣን በዓመቱ።

አንድ ሰው ላስታውስህ። አናሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች ተወሰደ። ብዙ ጊዜ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና ከባሪያ የሚሻል የተወደደ ወንድም አድርገህ ተቀበለው ብሎ የላከው ሰው ስም ነው። ይህ አናሲሞስ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ። ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ዘመኑን አስላው። የዓድዋ ሰሞን ነው። አገራችን ነጻነቷን ስታስከብር እርሱ አገሩ በነሣችው ነጻነት ላይ ክርስቶስ የሰጠውን ይዞ ቃሉን ይተረጉም ነበር። ጓደኛህ ሁለቱ ነጻነቶች አንድ ናቸው ካለ፣ ለአናሲሞስ ምን ይለዋል?

ኤርምያስ 34ንም እንዲያነብ ንገረው። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ ሳለ ንጉሡ ሴዴቅያስና ሕዝቡ ባሪያዎቻቸውን ሁሉ ነጻ ለማውጣት ቃል ኪዳን ገቡ፤ አወጧቸውም። የግብፅ ጦር መጣ ተብሎ ከበባው ላላ ሲል ሐሳባቸውን ለውጠው የለቀቋቸውን መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። እግዚአብሔርም እናንተ ለወንድሞቻችሁ ነጻነት አላወጃችሁም፤ እነሆ እኔ ለእናንተ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ ነጻነት አውጃለሁ አላቸው። አገራቸው ከባቢሎን ነጻ እንድትሆን የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። ጸሎታቸውም ከልብ ነበር። በጓዳ ያለችውን ገረድ ግን አላሰቧትም።

ከኢየሱስ በኋላ የሆነውንም ጨምርበት። አይሁድ እ.ኤ.አ. በ66 በሮም ላይ ተነሡ። በመቱት ሳንቲም ላይ «የጽዮን ነጻነት» ብለው ጻፉ። በዕብራይስጥ ቃሉ «ሔሩት» ነው፤ የትግርኛው «ሓርነት» እና የኛ «አርነት» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከዚያ ግን ሮም ቅጥሩን ሳታፈርስ እነርሱ በከተማይቱ ውስጥ በአንጃ ተከፋፍለው ተፋጁ። ለከበባው ያከማቹትን እህል እንኳ ራሳቸው አቃጠሉት። ከተማዋ በ70 ወደቀች። ይህን ታሪክ ሳስተምር ስለ ሌላ አገር የማወራ አይመስለኝም። ክፍሉም ዝም ይላል።

ታቦቱስ ትለኝ ይሆናል። የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ መውረዱ እውነት ነው፤ ቀኑም በወር በወር የሚታሰብበት 23 ነበር። አባቶቻችን ለአገራቸው ሲዋደቁ አምላካቸውን መጥራታቸው ያኮራኛል። እግዚአብሔር ረዳቸው ማለትና ድሉ ራሱ የክርስቶስ አርነት ነው ማለት ግን ይለያያል። በዓድዋ እስላሙም፣ የዋቄፈና አማኙም ደሙን አፍስሷል። ነጻነቱ የሁሉም ነው፤ የእምነት መግለጫ ሳይጠየቁ ያገኙት ነው። እንደዚያ መሆኑ ደግሞ ክብሩን አይቀንስበትም።

አሁን የአባትህ ነገር። ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ ተመልሶ የቆመው ማለቴ ነው። እርሳቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ተረሸኑ። ለጣሊያን ተገዙ፣ ሕዝቡንም አስገዙ ሲባሉ እምቢ ብለው ነው። ቢስማሙ ቤታቸው ይገቡ ነበር። የርሳቸው ሞት በማግስቱ አገሪቱን ነጻ አላወጣም፤ ገና አምስት ዓመት ግድም ቀርቶ ነበር። ጠመንጃው ፊት ሲቆሙ አገራቸው ተይዛለች፣ እርሳቸው ግን አልተያዙም። ሰባኪህ እዚያ ሐውልት ሥር ቆሞ የአገር ነጻነት ሥጋዊ ነገር ነው ማለት የሚችል አይመስለኝም። ጓደኛህም እዚያ ቢቆም አንድ ነገር ያያል፤ አገር በወደቀችበት ቀን ያልወደቀ ነጻነት ነበራቸው።

ስለዚህ ከአባትህ ጋር ሂድ። ባንዲራ ይዘህ፣ ሆ ብለህ ሂድ። የገላትያ መልእክት ይህን አይከለክልህም፤ ጳውሎስም አብሮህ የሚቆም ይመስለኛል። ግን የካቲትን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ደውልላቸውና በዚህ ሳምንት ማዘጋጃ ጋ ተገናኙ፤ ከዚያ ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም። በእግራችሁ እየሄዳችሁ ከየካቲቱ ለምን እንደቀረህ በግልጽ ንገራቸው። ይቅርታም ጠይቅ። ከዚያ ደግሞ ስለ ዓድዋ ከአባታቸው የሰሙት ነገር ካለ እንዲያወሩህ ጠይቃቸው፤ ቤታችሁ ውስጥ ማን ዘመተ፣ ማን ስንቅ አዘጋጀ፣ ማንስ ሳይፈልግ አገለገለ። የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለለው። ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።